ልጅ የሚጠባበቁ ሁለት ቤቶች

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ትዕግሥት መልካም ምግባር መሆኑን ከልጅነትህ ጀምረህ ስትሰማ አድገሃል። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህንኑ ተምሬአለሁ፤ መምህር ከሆንሁ በኋላም ለአያሌ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን ሰው የሚታገሠው ስለ ምን እንደ ሆነ፥ የሚጠባበቀውም ነገር የማን እንደ ሆነ ካልጠየቀ፥ ትዕግሥቱ ብቻውን ጻድቅ አያደርገውም። ሌባም እስኪጨልም ይታገሣል። ስለዚህ እንደ መልካም ምግባር ሲመሰገን ስለ ኖረ ስለ አንድ ዓይነት መጠባበቅ ዛሬ እናገራለሁ። ይኸውም ከሌላ አገር ልጅ ወስዶ ለማሳደግ ተመዝግቦ ዓመታት መጠባበቅ ነው። የምናገረው ግን ፈረንጆችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከወቀሳው የሚበዛው የእኛ ነው፤ ከእኛም መካከል አንዱ እኔ ነኝ።

አስቀድሜ የነገሩን አካሄድ ላስረዳ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሌላ አገር ልጅ ለማሳደግ ሲያስቡ ለአንድ አስፈጻሚ ድርጅት ያመለክታሉ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወደ ቤታቸው መጥቶ አኗኗራቸውን ይመረምራል። ፖሊስ ወንጀል እንደሌለባቸው፥ ሐኪም ጤነኞች እንደ ሆኑ፥ አሠሪያቸውም ምን ያህል ደመወዝ እንደሚያገኙ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት ልጁ ወዳለበት አገር ይላካል። ከዚያ ወዲያ ተራ መጠበቅ ይጀመራል። ወጪውም ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ልጅ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ መክፈል የተለመደ ነው። እነርሱም እስከዚያው ክፍል ያዘጋጃሉ፥ አልጋ ይገዛሉ፥ ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ፤ ሲመሽም በባዶው ክፍል በር ላይ ቆመው ያያሉ።

ይህ መጠባበቅ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ይረዝማል። ቻይና ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ150 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ለውጭ አገር ቤተሰቦች ሰጥታለች። በመጀመሪያው ጊዜ መዝገቡ የገባለት ሰው ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ልጅ ያገኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የተመዘገቡት ግን ጤነኛ ሕፃን ለማግኘት ከአምስት ዓመት በላይ ለመጠበቅ ተገደዱ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2024 የቻይና መንግሥት ከቅርብ ዘመድ በቀር ለውጭ ዜጎች ልጅ መስጠት ማቆሙን አስታወቀ። ከ2020ው ወረርሽኝ በፊት የልጁ ስምና ፎቶግራፍ ደርሷቸው የነበሩ አያሌ ቤተሰቦች አልጋውን እንዳነጠፉ ቀሩ። ልጆቹም «እናትና አባት ይመጡልሃል» ተብለው ነበርና እነርሱም እንደ ጠበቁ ቀሩ። እንዲህ ላለ ሰው አለማዘን ድንጋይ መሆን ነው። እኔም አዝናለሁ።

ነገር ግን አንዱን ቤት አይተን ሌላውን ቤት ሳናይ ብንፈርድ ፍርዳችን ጠማማ ይሆናል። ሁለተኛውን ቤት እኔ አውቀዋለሁና ልንገርህ።

በ2001 ዓ.ም. በደቡብ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር። ከአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ መካከል ስድስት ዓመት የሆናት፥ ፊደል ቶሎ የምትይዝ አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ በወባ ሞቶ ነበር፤ እናቷም እንጀራ እየጋገረችና የሰው ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች ታሳድግ ነበር። አንድ ሰኞ ስም ስጠራ ልጂቱ «አቤት» አላለችም። ጓደኞቿን ብጠይቅ «ፈረንጅ አገር ልትሄድ አዲስ አበባ ገባች» አሉኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፥ አንድ ሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ «ልጃችሁን ለፈረንጅ ብትሰጡ ተምራ ትጦራችኋለች» እያለ ድኾችን ያግባባ ነበር። እናቲቱም ከዘመዶቿ ጋር መክራ፥ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ፥ በማታነበው ወረቀት ላይ የጣት አሻራዋን አኖረች።

ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ካጸደቀ በኋላ ልጂቱን የሚወስዱት ባልና ሚስት የተወለደችበትን ቦታ ለማየት ወደ ከተማችን መጡ። ይዟቸው የመጣው የድርጅቱ ሰው አስተርጓሚው ታሞበት ስለ ነበር እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ወደ እኔ ተመራ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ባልና ሚስቱ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ተጠባበቁ ነገሩኝ። ያዘጋጁትን ክፍልና አልጋም በፎቶግራፍ አሳዩኝ። ሚስቲቱ እናቲቱን አቅፋ አለቀሰች።

እናቲቱ ቡና አፍልታ ሦስተኛውን ከቀዳች በኋላ «መምህር፥ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ልጄን የሚመልሱልኝ መቼ ነው?» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት የድርጅቱ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፥ ይህን እንደ ወረደ አይተርጕሙት፤ እንግዶቹ ይደነግጣሉ፤ እኛ ሌላ ቀን እናስረዳታለን» አለኝ። ያን ያህል መንገድ የመጡትን፥ ያን ያህል ዘመን የተጠባበቁትን ሰዎች ማሳዘን እኔንም ከበደኝ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ልጄን ይዛችሁ መቼ ትመጣላችሁ ትላለች» አልኋቸው። ባልየው ፈገግ ብሎ «ስታድግ እናመጣታለን» ሲል መለሰ፤ ለጕብኝት ማለቱ ነበር። እኔም «ስታድግ እናመጣታለን ይላሉ» ብዬ ለእናቲቱ ነገርኋት። እርስዋ ግን ልጄ አድጋና ተምራ ትመለስልኛለች ብላ ተረዳችው፤ ከመቀመጫዋ ተነሥታም እጅ ነሣች። የተናገርሁት እያንዳንዱ ቃል ለእውነት የቀረበ ነበር፤ ጠቅላላው ግን ሐሰት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ፎቶግራፎች መጡ፤ በኋላም ቀረ። ድርጅቱ የነበረበት ቤትም ተዘግቶ ለሌላ ተከራየ። እናቲቱ ግን እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ወደ ትምህርት ቤቱ እየመጣች «መምህር፥ ደብዳቤ መጥቶ ይሆን?» ትለኝ ነበር። እንግዲህ ልብ በል። የባሕር ማዶው ቤት ሦስት ዓመት ተጠባበቀ፤ ለመጠባበቁም መዝገብና ተራ ቍጥር ነበረው፥ የሚያጽናናውም ሰው ነበረው። የዚህችን ሴት መጠባበቅ የመዘገበላት ግን ማንም የለም፤ የሚያበቃበትም ቀን አልተቈረጠለትም።

አንዳንድ ሰዎች «እናቲቱ ያልተማረች ስለ ሆነች ነገሩን ተሳሳተችው» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን አልተሳሳተችም እላለሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና እንደ ያዘ እንደሚቆይ ይናገራል። የአሜሪካ ሕግ ግን እንዲህ አይደለም፤ በዚያ የወለደችው እናት መብት ፈጽሞ ይቋረጣል፥ የልደት ወረቀቱም በአዲሶቹ ወላጆች ስም እንደገና ይጻፋል። እንግዲህ እናቲቱ የፈረመችው በአገሯ ልማድና በአገሯ ሕግ ሐሳብ ነበር፤ ልጂቱ የሄደችው ግን በሌላው ሕግ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው አስተርጓሚ ዝም አለ። ያ አስተርጓሚ እኔ ነኝ።

«ወላጅ አልባ» የሚለውንም ቃል መርምር። በእኛ ዘንድ ወላጅ አልባ ማለት እናት አባት የሞቱበት ልጅ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን አንዱ ወላጅ በሕይወት እያለ፥ ልጁን ለማሳደግ አቅም የለውም ከተባለና በጽሑፍ ከለቀቀው፥ ልጁ በወላጅ አልባነት ሊገባ ይችላል። በዚህ አነጋገር ድኽነት እንደ ሞት ተቈጠረ ማለት ነው። እናቱ አጠገቡ ቆማ ሳለች ልጁ እናት የለውም ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ልጅ የሚፈልጉ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በአንድ ወገን በብዛት ተሰልፈው ሲጠባበቁ፥ በሌላው ወገን ወላጅ አልባ ልጅ የሚፈልግ ደላላ ይነሣል። የሞተባቸው ልጆች አልበቃ ሲሉት ያልሞተባቸውን ይጨምራል። ተሰላፊዎቹ ክፉ ሰዎች መሆን አያስፈልጋቸውም፤ መቸኰላቸውና አለመጠየቃቸው ብቻ ይበቃል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ልጆች ከ2,500 በላይ ነበሩ፤ ከቻይና በቀር የሚበልጠን አገር አልነበረም። ነገሩ ስላሳሰበው የሴቶች፥ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስቴር በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን ከአምስት የበለጠ ጉዳይ እንዳይታይ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ አስፈጻሚ ድርጅት ሠራተኞችን ስለ ኢትዮጵያ ሕፃናት የሐሰት ሰነድ አቅርባችኋል ብሎ ከሰሳቸው፤ ከእነርሱም መካከል ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። ጓቴማላ እ.ኤ.አ. በ2007 በአንድ ዓመት ከ4 ሺህ በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ከላከች በኋላ፥ የተሰረቁና የተሸጡ ሕፃናት ነገር ስለ ተገለጠ በሩን ለመዝጋት ተገደደች። ደቡብ ኮሪያም ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት እጅግ ብዙ ልጆች ወደ ውጭ ሰድዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የራሷ የእውነት አጣሪ ኮሚሽን መዝገቡን ሲመረምር፥ ወላጆቻቸው የሚታወቁ ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው እንደ ተጻፉ አረጋገጠ። አገሩ ይለያያል፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው።

«ልጂቱ በዚያ ተምራ፥ ጠግባ፥ ለብሳ አድጋ የለምን? በእናቷ ጎጆ ብትቀር ይሻላት ነበርን?» የሚለኝ አይጠፋም። ይህ ከባድ ጥያቄ ነውና በንቀት አላልፈውም። በባዕድ ቤት በእውነተኛ ፍቅር ያደጉ ብዙዎች አሉ፤ ማንም ይህን ሊክድ አይገባውም። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እናስላ። በዚያን ጊዜ 20 ሺህ ዶላር ወደ 200 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር። የእኔ ደመወዝ በወር ሁለት ሺህ ብር አይሞላም ነበርና፥ ገንዘቡ ከስምንት ዓመት ደመወዜ ይበልጣል። የዚያ ገንዘብ አሥረኛው እጅ እንኳ ለእናቲቱ ቢደርሳት ኖሮ ምጣዷን ሁለት አድርጋ ሦስቱንም ልጆች ባስተማረች ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ጎጆ ወይስ አሜሪካ» አልነበረም። ልጅን ከእናቱ ለመለየት የተገኘው ገንዘብ ከእናቱ ጋር ለማቆየት ስለ ምን ታጣ? ጥያቄው ይህ ነው።

«ፈጽሞ ማንም ለሌላቸውስ?» ትለኝ ይሆናል። ለእነርሱ ቅደም ተከተል አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር፥ ልጅን ወደ ውጭ አገር መስጠት ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ያዝዛል። መጀመሪያ እናትና አባት፥ ቀጥሎ አያትና አጎት፥ ቀጥሎ ጎረቤትና የአገር ሰው፥ ከዚያ ሁሉ በኋላ ባዕድ ነው። በእኛ ዘንድ የሆነው ግን የኋለኛው ፊት፥ የፊተኛው ኋላ መሆኑ ነው። ለባዕዱ የሚከፈል ገንዘብ ስለ ነበረ ፈጥኖ ተገኘ፤ አጎትን ግን የጠየቀው የለም።

በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ ታገደ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕግ ከለከለው። በዚያ ሰሞን በየቡና ቤቱ «ልጆቻችንን አናስወስድም» ስንል እኛ ጀግኖች ሆነን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ደላላው በየቤቱ ሲዞር ዝም ያልነው፥ ወረቀቱን የጻፍነው፥ የማረጋገጫ ማኅተም የመታነው፥ ያስተረጐምነው እኛው አይደለንምን? አሁንስ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስንቶቻችን የራሳችንን በር ከፈትን? ሕጉ ትክክል ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የባዕዱን በር ዘግቶ የራስን በር አለመክፈት ልጁን በሁለት በሮች መካከል ውጭ ማሳደር ነው። የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ሰው ይመጣልኛል ብሎ ለሚጠብቅ ልጅ የእኛ ኵራት እራት አይሆነውም።

አባቶቻችን እንኳ ይህን ሥራ ያውቁት ነበር። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ የተገኘ ነው፤ ልማዱም በአገር ሽማግሌ ፊት፥ በጎረቤት ምስክርነት የሚፈጸም ነው። በሌላውም አገራችን የጡት ልጅ፥ የማር ልጅ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ልጁን የሚወስደው ሰው በመንደሩ ፊት ቃል ይገባል፤ ቃሉንም ቢያፈርስ የሚወቅሰው ጎረቤት አለ። በሕጉም መንገዱ አልተዘጋም፤ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ በፍርድ ቤት ፈቃድ ልጅ በጉዲፈቻ ሊያሳድግ ይችላል።

ያልጠበቀች ሴት ምሳሌም አለችን። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረኃብ የወደቁ ሰዎችንና ሕፃናትን አዩ። ተራ ቍጥር አልያዙም፥ ክፍል እስኪያዘጋጁም አልዘገዩም፤ ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አንድ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በእጃቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ቤተሰባቸው ቢቃወማቸው የሞቀ ቤታቸውን ለቀቁ እንጂ ልጆቹን አልለቀቁም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያሳደጓቸው ሁሉ እናታችን ብለው አለቀሱላቸው። ሁላችን እንደ እርሳቸው እንድንሆን አልጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ሃያ አንዱን ልጅ አንዲት ሴት ከተሸከመች፥ አንዱን ልጅ አንድ ቤት መሸከም ያቅተዋልን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ ማንበብና መጻፍ ታውቃለህና ዕዳህ ካልተማረው ሰው ይበልጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር እመክርሃለሁ።

አንደኛ፥ ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ይዞ ቢመጣብህ፥ የተጻፈውን ሁሉ እንደ ተጻፈ አንብብለት። የሚያሳዝነውን አትዝለል፥ የሚከብደውን አታለዝብ። አስተርጓሚም ብትሆን እንግዳው እንዳይደነግጥ ብለህ የአገርህን እናት አታስት። እነዚያ ባልና ሚስት የእናቲቱን ጥያቄ በእውነት ሰምተው ቢሆን ምናልባት ባቆሙት ነበር፤ ምናልባትም ባያቆሙት በየዓመቱ ደብዳቤ በጻፉ ነበር። ይህን እንዳላውቅ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ሁለተኛ፥ በሰፈርህ ያለችውን ድኻ እናት ልጅዋን ለመስጠት ሳታስብ ቀድመህ እርዳት። የደብተር፥ የዩኒፎርም፥ የአንድ ወር አስቤዛ ገንዘብ እናትንና ልጅን አንድ ላይ የሚያቆይበት ጊዜ አለ። ከወራት በኋላ ከሚመጣ ብዙ ገንዘብ ዛሬ የሚደርስ ጥቂት ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ትዳር ስትይዝና ቤት ሲኖርህ፥ ማንም የሌለውን ልጅ ለማሳደግ አስብ። በወሰድኸውም ጊዜ የተወለደበትን ቤት ስም አትሰርዝበት፤ እናቱ በሕይወት ካለች ያውቃት። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፤ ከነታሪኩም ጭምር ነው።

በዚያን ጊዜ የሄዱት ልጆች ዛሬ አድገዋል። የተወለዱበትን ቀበሌ እየጠየቁ፥ ያልደበዘዘ ፎቶግራፍ ይዘው የሚመጡ አሉ። አማርኛ ረስተው፥ የእናታቸውን ቋንቋ ረስተው ይመጣሉና እንደ ገና አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ምናልባት አንድ ቀን ወደ አንተ ይመሩ ይሆናል። በዚያ ቀን ዋጋ አትጠይቃቸው፤ ደላላም አትሁንባቸው። ልጂቱ የምትጠይቀውን ለእናቲቱ፥ እናቲቱ የምትመልሰውን ለልጂቱ፥ አንዲት ቃል ሳታጐድል ተርጕምላቸው። እኔ በ2001 ዓ.ም. ያላደረግሁት ይህንን ነው።